የብርድ ልብሱን ጫፍ ይዤ ነበር

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከተለያዩ ሰዎች የመጡ ቢሆኑም የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው። ልዩ ወታደራዊ ስልጠና ሰውን የሚያጠነክርበት መከራ የት ያበቃል? ግፍስ የት ይጀምራል? የጸሐፊዎቹን ማንነት ሊጠቁሙ የሚችሉ ዝርዝሮችን አውጥተን ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ «በኮማንዶ ስልጠና ላይ አራተኛ ወር ይዣለሁ። በእኛ ጓድ ውስጥ በሩጫም በትጥቅ ፍተሻም ወደ ኋላ የሚቀር አንድ ልጅ አለ። እሱ በዘገየ ቁጥር የምንቀጣው እኛ ነበርን፤ እሱ ግን ቆሞ እንዲያየን ይደረግ ነበር። አንድ ማታ አሰልጣኛችን የመኝታ ክፍላችን በር ላይ ቆሞ ‹ጉዳያችሁን በራሳችሁ ጨርሱ› አለንና መብራቱን አጥፍቶ ሄደ። ሌሊት በተኛበት ብርድ ልብስ ጥለንበት በቀበቶ ደበደብነው። እኔ አልመታሁትም፤ የብርድ ልብሱን አንድ ጫፍ ግን ይዤ ነበር። በማግስቱ ከጎኔ ተሰልፎ ሮጠ፤ ዕረፍት ላይ ኮዳውን ከፍቶ ከራሱ በፊት ያጠጣው እኔን ነው። ከዚያች ሌሊት ወዲህ ጓዱ ከምንጊዜውም በላይ አንድ ሆኗል፤ ልጁም በሩጫ ተሻሽሏል። ወንድማማችነት የሚባለው ይህ ነው? ከሆነስ ለምን እንቅልፍ አጣሁ? ብናገር ጆሮ ጠቢ እባላለሁ። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከደብዳቤህ ደጋግሜ ያነበብኩት የኮዳውን ነገር ነው፤ እመለስበታለሁ። ከዚያ በፊት ግን ቀጠሮ የማይሰጠው ጉዳይ አለ። ክፉኛ የተደበደበና በላዩ ላይ ረጅም ሩጫ የሮጠ ሰው የጡንቻው ሕዋሳት ሊፈርሱ፣ ከእነሱም የሚወጣው ንጥረ ነገር በደም በኩል ሄዶ ኩላሊቱን ሊጎዳ ይችላል። ድብደባው ከተፈጸመ ስንት ቀን እንደሆነው አልገለጽክም። የልጁ ሽንት የጠቆረ ሻይ ከመሰለ ወይም መጠኑ ከቀነሰ፣ ጡንቻው አብጦ ከደነደነ፣ ወይም ማስመለስና ማዞር ከያዘው፣ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ውሰደው። «ወደቅኩ» ብሎ እንዳይሸፍነውም ለምነው፤ ሐኪሙ ምርመራውን የሚጀምረው ከተነገረው ነገር ነውና።

አሁን ወደ አሰልጣኛችሁ ልምጣ። «ጉዳያችሁን በራሳችሁ ጨርሱ» የምትለው ዓረፍተ ነገር ተናጋሪው ቅጣቱን የሚያዝባትም እጁን የሚታጠብባትም ናት። ነገ ጥያቄ ቢነሳ እሱ ያለው ነገር የለም፤ ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ። መብራቱን ማጥፋቱም የትእዛዙ ክፍል ነበር። የጋራ ቅጣት በራሱ ክፋት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ እስከዚያ አልሄድም። አንዱ ሲሳሳት ሁሉም፣ የተሳሳተውም ጭምር፣ አብረው መሬት ቢወድቁና ፑሽአፕ ቢሠሩ፣ የአንድ ሰው ስህተት በሌላው ሕይወት ላይ ምን እንደሚያስከትል ይማሩበታል። የእናንተ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ጥፋተኛውን ዳር አቁሞ ሌሎቹን ማሠቃየት ልጁን ከጓዱ ያወጣዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚደርስበት ሁሉ በባዕድ ላይ እንደደረሰ ይቆጠራል። በቋንቋችን «ጓድ» የሚለው ቃል አነስተኛውን የሠራዊት ክፍልም ባልንጀራንም ይጠራል፤ ያ ልጅ በሳምንታት ውስጥ ሁለቱንም አጥቷል።

ጓዱ ከዚያች ሌሊት ወዲህ አንድ ሆነ ያልከውን አምንሃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1959 ኤሊዮት አሮንሰንና ጃድሰን ሚልስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አንድ የውይይት ቡድን ለመቀላቀል የተመዘገቡ የኮሌጅ ሴት ተማሪዎችን በሦስት ከፍለው ነበር። የመጀመሪያዎቹ እጅግ የሚያሳፍር ጽሑፍ በአጥኚው ፊት ጮክ ብለው እንዲያነብቡ ተደረገ፤ የሁለተኞቹ ፈተና ቀለል ያለ ነበር፤ ሦስተኞቹ ያለ ምንም ፈተና ገቡ። ከዚያ ሆን ተብሎ አሰልቺ ተደርጎ የተቀረጸ ውይይት ለሁሉም አሰሟቸው። ውይይቱንም ቡድኑንም ከሌሎቹ አስበልጠው ያደነቁት ክፉኛ ያፈሩት ናቸው። ሰው ብዙ የከፈለበትን ነገር «ከንቱ ነበር» ብሎ መቀበል ስለሚከብደው ዋጋውን በራሱ ልብ ውስጥ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ «በዚያ አልፈን ነው ወንድማማች የሆንነው» የሚል ሰው ስለ ስሜቱ አይዋሽም፤ ምስክርነቱ ግን ድብደባው ያስፈልግ ነበር ወይ ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሆንም። በእናንተ ላይ ደግሞ ሌላ ማሰሪያ ተጨምሯል። ሁላችሁም እጃችሁ አለበት፤ አንዱ አፉን ቢከፍት ሌላው ይጠፋል። የአንድነታችሁ ምን ያህሉ መተማመን፣ ምን ያህሉ መፈራራት እንደሆነ አንተም ራስህ በቅጡ የምታውቅ አይመስለኝም።

እኔም በዚያ በር ያለፍኩ ነኝና አንድ ነገር ላስታውስህ። ሌሊቱን ዝናብ ሲጠጣ ያደረ ግንድ ለሰባት ሰው ስትሸከሙ አጭሩ ሰው መሃል ከገባ ትከሻው አይደርስም፤ ክብደቱ ከፊትና ከኋላ ያሉትን አንገት ይጫናል። ቅርፊቱ ቆዳ ይልጣል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መሪው «ቀይር!» ሲል ሁሉም በአንድ ትንፋሽ ግንዱን ከቀኝ ትከሻ በራሳቸው ላይ አሻግረው ወደ ግራ ያሳርፉታል፤ አንዱ ቢዘገይ ግንዱ የሚወርደው በሌላው ጭንቅላት ላይ ነው። በዚያች ቅጽበት ማን እንደሚሸከም፣ ማን ትከሻውን ዝቅ አድርጎ እንደሚያጭበረብር ዓይንህን ጨፍነህ ታውቃለህ። ደካማውም ይታወቃል፤ ሲታወቅ ግን ቦታው ይቀየርለታል፣ ወይም ከበስተኋላው ያለው ሰው ግንዱን አንድ ጣት ያህል ከፍ አድርጎ ይይዝለታል። መከራው የሁሉም ነው፣ በቀን ብርሃን ነው፣ አዛዡ ቆሞ እያየው ነው፣ ሲበቃም ይበቃል። አሁን ይህን ከብርድ ልብሱ ጋር አስተያየው።

መከራው የቱንም ያህል ቢከብድ ይህ ልዩነት አይጠፋም። በአሜሪካ የባህር ኃይል «ሲል» በሚባሉት ኮማንዶዎች ስልጠና ውስጥ «የሲኦል ሳምንት» የሚባል አለ። አምስት ቀን ተኩል ይፈጃል፤ ሰልጣኞቹ በዚያ ሁሉ ጊዜ የሚተኙት በድምሩ ከአራት ሰዓት አይበልጥም፤ በቀዝቃዛ ባህር ውስጥ ይዘፈቃሉ፣ ጀልባ በራሳቸው ተሸክመው ይሮጣሉ። በሜዳው ላይ ግን ደወል ተሰቅሏል። የመረረው ሰው ሦስት ጊዜ ደውሎ ይወጣል፤ ብዙዎቹም ይደውላሉ። እንዲያም ሆኖ በፌብሩዋሪ 2022 አንድ ሰልጣኝ ሳምንቱን በጨረሰ በሰዓታት ውስጥ በሳንባ ምች ሞቷል፤ በተከታዩ ዓመት ይፋ የሆነው ምርመራም በሕክምና ክትትሉ ላይ ከባድ ክፍተቶች እንደነበሩ አሳይቷል። መርሐ ግብር ተጽፎለት፣ ሐኪም ተመድቦለት የሚካሄድ ስልጠና እንኳ ሰው የሚገድል ከሆነ፣ በጨለማ ውስጥ በቀበቶ የሚደረገውን ማን ይለካዋል? ልጁ ብርድ ልብሱ ስር ሆኖ የሚደውለው ደወል አልነበረውም።

የዚህ ዓይነቱ አንድነት ከመኝታ ክፍሉ ወጥቶ ወደ ግዳጅ ሲሄድ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 በሶማሊያ የተሰማሩ የካናዳ አየር ወለድ ሬጅመንት ወታደሮች በካምፓቸው የያዙትን የ16 ዓመት ልጅ አሠቃይተው ገደሉ። ድርጊቱን ያዩና ጩኸቱን የሰሙ ሌሎች ወታደሮች ነበሩ፤ ያስቆመ ግን አልተገኘም። በ1995 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የዚሁ ሬጅመንት አዲስ ገቦች በነባሮቹ የሚዋረዱባቸው ምስሎች በቴሌቪዥን ታዩ። ሬጅመንቱ ምርጥ የሚባል ክፍል ነበር፤ የአገሪቱ መንግሥት ግን በዚያው ዓመት ጨርሶ በተነው። ግድያውን ያመጣው የአቀባበሉ ሥርዓት ነው ብዬ አላጠቃልልም፤ ነገሩ ከዚያ የሰፋ ነው። ይሁንና ጓዱ ሲዋረድ እያየ «ሆድ ይፍጀው» ማለትን የለመደ ወታደር፣ የማያውቀው ሰው ሲሠቃይ በድንገት አንደበቱ ይከፈታል ብሎ መጠበቅ ለእኔ ይከብደኛል።

የኮዳውን ነገር እመለስበታለሁ ብዬህ ነበር። ልጁ ውሃውን የሰጠህ ይቅር ብሎህ ሊሆን ይችላል። ፈርቶህም ሊሆን ይችላል። ከደበደቡት ሰው የሚመጣን ደግነት ከፍርሃት መለየት አይቻልም፤ እንቅልፍ የነሳህም ይኸው ይመስለኛል። በሩጫ መሻሻሉንም በዚሁ ዓይን እየው፤ አሁን የሚሮጠው ከእናንተ እየሸሸ ነው፣ ለእናንተ ብሎ ይሮጥ እንደሆነ የሚታወቀው ደግሞ ሌላ ቀን ነው።

ምን ላድርግ ላልከው፦ ተናገር። አስቀድመህ ልጁን ብቻውን አግኝተህ «ጫፉን ይዤ ነበር» በለው፤ ሌላ ማብራሪያ አትጨምርበት። ስለራስህ ድርጊት ለበላይ እንደምታመለክት ንገረውና እሱ የሚፈልገውን ጠይቀው። ቀኑን፣ ሰዓቱንና አሰልጣኙ የተናገረውን ቃል ሳትቀንስ ሳትጨምር ጻፈው። አቤቱታህን ለዚያው አሰልጣኝ አታቅርብ፤ ከእሱ በላይ ላለው አዛዥ፣ ወይም በየሠራዊቱ እንደ አደረጃጀቱ ለሚገኘው የፍትሕ ወይም የቁጥጥር መኮንን አቅርብ፤ ይህ ካልተሳካ ለሠራዊቱ ሐኪም ንገር። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ስለራስህ ይሁን። ጆሮ ጠቢ የሚባለው የሌላውን ገመና አቅርቦ የራሱን የሚሸፍን ሰው ነው፤ ከራሱ ጥፋት የሚጀምርን ሰው እንዲህ ብሎ መጥራት ያስቸግራል። ዋጋ አያስከፍልህም ብዬ ግን አልሸነግልህም። ጓዶችህ ሊያኮርፉህ፣ አንተም ከስልጠናው ልትሰናበት ትችላለህ። እንዲያም ሆኖ እኔ በአንተ ቦታ ብሆን ይህን መንገድ እመርጣለሁ፤ በወጣትነቴ እንዲህ ዓይነት ሌሊት አይቼ መርጬው ስላልነበር ነው ይህን የምልህ።

ጥያቄ፦ «ልጄ ልዩ ስልጠና ከገባ ስድስት ወሩ ነው። በስልክ ሁልጊዜ ‹ሁሉም ሰላም ነው፣ እማዬ› ይለኛል። ለፈቃድ መጥቶ ግን ሸሚዙን ሳያወልቅ ነው የሚተኛው፤ በር ሲንኳኳ ይበረግጋል። ደውዬ አለቃውን ልጠይቅ ወይስ እንዳላሳፍረው ዝም ልበል?»

መልስ፦ እናታችን፣ መክሳቱ፣ እግሩ መላላጡ፣ በቀን መተኛቱና እንደ ተራበ ሰው መብላቱ ከእንዲህ ያለ ስልጠና የሚጠበቅ ስለሆነ አያስደንግጥዎ። በሩ ሲንኳኳ መበርገጉም ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ በየሌሊቱ በጩኸት የሚቀሰቀስ ሰልጣኝ እንዲሁ ነው። የሸሚዙ ነገር ግን ያሳስበኛል። ሆን ብሎ የሚደበድብ ሰው ልብስ የሚሸፍነውን ጀርባን፣ ጭንንና መቀመጫን ይመርጣል፤ የተደበደበውም ያንኑ ይደብቃል።

«ይመቱሃል ወይ?» ብለው አይጠይቁት፤ «አይ» ብሎ ይዘጋዋል። ሥራ እየሠራችሁ፣ ፊት ለፊት ሳይተያዩ፣ «መብራት ከጠፋ በኋላ ምን ታደርጋላችሁ?» ወይም «ከእናንተ ውስጥ ብዙ የሚቀጣው ማን ነው?» ቢሉት ስለሌላ ሰው እያወራ ስለራሱ ሊነግርዎ ይችላል። ከነገረዎትም «ለምን ዝም አልክ?» አይበሉት። እሱ ሳይስማማ ለአለቃው መደወል አብዛኛውን ጊዜ ልጁን ለባሰ መሳለቂያ ያጋልጠዋል። የመሞት ወሬ ካነሳ፣ ንብረቱን ማከፋፈል ከጀመረ ወይም ከካምፕ በፊት የነበረው ሰው ጨርሶ ከጠፋብዎ ግን ፈቃዱን አይጠብቁ፤ ብቻውን አይተዉት፣ ሐኪም ዘንድም ይዘውት ይሂዱ።

ጥያቄ፦ «ለብዙ ዓመታት ልዩ ኃይል ያሰለጠንኩ ጡረተኛ ነኝ። የዛሬ ሰው ሁሉንም ነገር ‹ግፍ› ይላል። ጠላት እየተለማመጠ አይመጣም። ተማርኮ ሊደበደብ የሚችልን ሰው ሳትደበድበው እንዴት ታዘጋጀዋለህ? እኛ በዱላ አልፈን ሰው ሆነናል። በክፋት የመታሁት ሰውም የለም። ሰነፉን ደግሞ ጓዶቹ ካላስተካከሉት ማን ያስተካክለው?»

መልስ፦ የተከበሩ አንባቢያችን፣ ስለ ምርኮ ያነሱት ነጥብ ከሁሉ ይልቅ ክብደት ያለው ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ወታደሮችን ለምርኮና ለምርመራ የሚያዘጋጁ ስልጠናዎች በእርግጥ አሉ፤ ሰልጣኙን ያስርባሉ፣ እንቅልፍ ይነሱታል፣ ያዋርዱታል። ነገር ግን በሥርዓት የተደራጁት ማን ምን ማድረግ እንደሚችል አስቀድመው በጽሑፍ ይወስናሉ፣ ልምምዱን የሚያስቆም ምልክት ያስቀምጣሉ፣ ሐኪምና የሥነ ልቦና ባለሙያም ያቆማሉ። ባለሙያው የሚከታተለው ሰልጣኙን ብቻ አይደለም፤ የጠላትን ቦታ ይዞ የሚጫወተው አሰልጣኝ ጨዋታው እየጣመው እንዳይሄድም ይጠብቃል። ልምምዱ ሲያበቃ ሁለቱ ወገኖች ቁጭ ብለው የሆነውን ይነጋገሩበታል። በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ የተደበደበው ወጣት ከዚህ ውስጥ የትኛውን አገኘ?

«በክፋት የመታሁት የለም» ያሉትንም አምናለሁ። ሃምሳ አለቃ ማቲው ማኬዮንም ክፉ ለማድረግ አልተነሳም ነበር። ኤፕሪል 8 ቀን 1956 ማታ፣ በደቡብ ካሮላይና በሚገኘው የፓሪስ አይላንድ የአሜሪካ ማሪን ማሰልጠኛ፣ ሥነ ሥርዓታቸው ላላብኝ ያላቸውን ምልምሎች ሊያስተምር ራሱ ፊት ሆኖ እየመራ ሪበን ክሪክ ወደሚባለው ረግረጋማ ወንዝ አስገባቸው። በጨለማው ውስጥ ጥልቁ ላይ ሲደርሱ ሰልፉ ተበተነ፤ ስድስት ምልምሎች ሰጠሙ። ያን ዕለት መጠጥ ቀምሶ ነበር፤ የጦር ፍርድ ቤቱም በተረኝነት ላይ በመጠጣትና በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ አለው። ከዚያ ወዲህ በምልምሎች ስልጠና ላይ የመኮንኖች ቁጥጥር እንዲጠብቅ ተደረገ። ያ ሰው የጎደለው በጎ ፈቃድ ይመስልዎታል? እኔ የጎደለው የሚያየውና «ተው» የሚለው ሰው ነበር ባይ ነኝ።

«በዱላ አልፈን ሰው ሆነናል» ለሚለው፣ ያልሆኑት ለዚህ ዓምድ ደብዳቤ አይጽፉም። በዱላ ያለፈ ሰው ዱላውን ለተከታዩ ዙር ማስተላለፉም የታወቀ ነው። በሶቪየት፣ ኋላም በሩሲያ ሠራዊት «ዴዶቭሽቺና» የሚባለው ነገር ስሙን ያገኘው «አያት» ከሚለው ቃል ነው፤ አገልግሎታቸውን ሊጨርሱ የተቃረቡት ግዳጅ ወታደሮች «አያቶች» ይባሉና አዲስ ገቦቹን ይደበድባሉ፣ ይዘርፋሉ፣ እንደ ባሪያ ያሠራሉ። የተደበደበው በዓመቱ አያት ይሆናል፤ ዕዳውንም የሚያስከፍለው ምንም ያልበደለውን ነው። ሩሲያ እ.ኤ.አ. በ2008 የግዳጅ አገልግሎቱን ወደ አንድ ዓመት ስታወርድ ከታሰቡት ጥቅሞች አንዱ ይህን የነባርና የአዲስ ገብ መደራረብ መቀነስ ነበር። ደብዳቢ አያቶች ያሉት ክፍል ከሌላው የተሻለ ተዋጊ ሆነ የሚል ሰው ግን አላጋጠመኝም።

ስለ አንድነት የሚደረገው ጥናትም ከእርስዎ ጋር የሚሄድ አይመስለኝም። ብራያን ሙለንና ካሮሊን ኮፐር እ.ኤ.አ. በ1994 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው ባሳተሙት ሥራ፣ ከቡድን ውጤታማነት ጋር በይበልጥ ተያይዞ የተገኘው አባላቱ ለጋራ ሥራው ያላቸው ቁርጠኝነት ነው፤ እርስ በርስ መዋደዳቸው ወይም በቡድናቸው መኩራታቸው ያን ያህል ክብደት አልነበረውም። ግንዱን ያነሳሁትም ለዚህ ነበር፤ ግንድ የሚሸከሙ ሰዎች መዋደድ አይጠበቅባቸውም።

ሰነፉን ማን ያስተካክለው ላሉት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ። ከዕድሜዎ ጋር የተከማቸው ልምድ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የሚዘገየው ጫማው ስለጠበበው ነው? ጉልበቱ ታሞ ደብቆ ነው? ትጥቁን እንዴት እንደሚያስር ያሳየው ሰው ስለሌለ ነው? ወይስ በእውነት አይችልም? ይህን ለማወቅ ጫማውን አስወልቆ እግሩን ማየት ያስፈልጋል፤ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ጓዶቹም ስለእሱ የሚሉት ነገር ካለ መስሚያው መንገድ አለ፦ በአሜሪካ ጦር የሬንጀር ትምህርት ቤት ሰልጣኞች እርስ በርሳቸው ይመዛዘናሉ፣ ጓዶቹ ደጋግመው ዝቅተኛ ግምት የሰጡት ሰውም ከስልጠናው ሊወጣ ይችላል። ይህም እንከን አያጣውም፤ የተጠላ ሰው በአድማ ሊወድቅበት ይችላልና አሰልጣኙ ከራሱ ምልከታ ጋር ማመሳከር አለበት። ተሞክሮም ካልሆነ፣ ልጁ ምክንያቱ ተጽፎበት የእርስዎ ፊርማ ያረፈበትን ወረቀት ይዞ፣ በቀን፣ በዋናው በር ወደ ቤቱ ይሸኛል።